የኢሽራቅ ኢስቲኻራ

ጠዋት ጠዋት የኢሽራቅ አክስት ሐጀራ በሩን ሳያንኳኩ ነው የሚጠይቁት። ከሁለተኛው ፎቅ ወደ አራተኛው ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም እያሉ ያርፋሉ፤ ጥያቄው ግን ከመጨረሻው ዕረፍት ላይ ተነስቶ ቀድሟቸው ይደርሳል።

«አየሽ?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ገብተው ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡና ምክንያት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን በየትኛው ጎኗ እንደተኛች ጠየቁ። በማግስቱ ማታ ምን እንደበላች ጠየቁ። ሌላ ቀን ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛቷን ሲሰሙ ነገሩ ተገለጠላቸውና ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ የሚያድረው ኩሽና ውስጥ፣ ከውሃ ጀሪካኖቹ ጎን ሆነ። ሕልሙ ግን አልመጣም።

ኢሽራቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ታሪክ ለመማር ውጭ አገር አመልክታ ነበር፤ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት። አንዱ እንግሊዝ አገር ነው፤ ሁለቱ አሜሪካ። ስማቸው ሲጠራ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሳይቀር የሚያውቃቸው ሰው አይጠፋም። ሐጀራን አጠራሩ ስለከበዳቸው ቤት ውስጥ የእንግሊዙ፣ የከተማው እና የሐይቁ ተባሉ። ሦስቱም የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የአውሮፕላኑን ወጪ እንችላለን ብለዋል። ወጪው ቢለያይ ኖሮ እሱ ይመርጥላት ነበር፤ አልተለያየም። ሕክምና ትማር የሚለው ክርክርም ሶሻል የመረጠች ጊዜ አልቆለታል። መልሷን የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ድረስ ነው።

ውሳኔውን የሰጡት አባቷ ናቸው። ሙሀመድዘይን ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ይዘው ከጅቡቲ ጭነት ያመላልሳሉ፤ ለቤቱ ጉዳይ ሁሉ ፍርድ የሚሰጡት ከመንገድ ነው። ያን ቀን የደወሉት ከሎጊያ ነበር። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ምንጣፉ መሀል ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ሰምቷል።

«ኢስቲኻራ ታድርግ» አሉ። «ልቧ ለተከፈተለት እፈርማለሁ። ካልተከፈተላት ኸይር የለውም ማለት ነው፤ እዚሁ ትማራለች።»

ኢሽራቅ ገና አሥራ ስምንት አልሞላትም፤ ያለ አባቷ ፊርማ ፓስፖርትም ጉዞም የለም። ኢስቲኻራ ደግሞ ሰው መንገዱ ሲምታታበት ሁለት ረከዓ ሰግዶ ፈጣሪውን «አንተ ታውቃለህና ምረጥልኝ» የሚልበት ጸሎት ነው። ከሰገደ በኋላ ልቡ ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ ወይም ነገሩ ይገራለታል። ወሎ ያደጉት ሐጀራ ዘንድ ግን ከዚህ ሌላ ሕልም አለ። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ወተትና የጠራ ውሃ «ሂጂ» ነው። ቀይና ጥቁር «ቅሪ» ነው። ምንም ካልታየና ልብም ዝም ካለ፣ እሱም ራሱ መልስ ነው፤ በሩ አልተከፈተም።

ችግሩ የኢሽራቅ ልብ ለምንም የማይከፈት መሆኑ ነበር። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው የመቀበያ መልእክት ሲመጣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች። አነበበችው። ስሙ የሷ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እሷም ተንቀሳቀሰች። ሁለተኛው የመጣው በእናቷ በጀዋሂር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሳለች ነው። እናቷ እልል አለች፤ ከጎን ያለው የፀጉር ቤት ባለቤት መዓዛ እጇ ቀለም እንደነካ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። ኢሽራቅ የራሷ እጆች ወደ ታች ተንጠልጥለው መቅረታቸውን አየች። ሰው ሲያቅፍ ማቀፍ እንደሚገባ አስታወሰችና አነሳቻቸው። ሦስተኛው ሲመጣ ለማንም ሳትናገር ሰነበተች። ልትደብቀው አስባ አልነበረም፤ የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝ አላላትም።

ራሷን በጥንቃቄ ተመልክታለች። ትበላለች፤ ጨው የበዛበትን ወጥ ጨው እንደበዛበት ታውቃለች። ትተኛለች። አታለቅስም። ወንድሟ ሲቀልድ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከሌሎቹ ትንሽ ይዘገያል። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነች ለማወቅ ወደ ኋላ ስታስብ የተሻለ ግምት ያገኘችው ማመልከቻዎቹን የጻፈችበት ወቅት ነው። ደሴ አጎቷ ቤት፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማንበብ የተማረችው በልጅነቷ ነበር፤ ታሪክን የወደደችውም በዚያ ነው። ይህን ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ገጽ፣ ለሌላው በግማሽ ገጽ፣ ለሦስተኛው በጥቂት መስመር ጻፈችው። ለምን እንደምትወደው፣ እንዴት እንደወደደችው፣ ወደፊትም ምን ልታደርግበት እንደምትፈልግ። ስታሳጥረውና ስታስረዝመው ከረመች። አንድ ቀን ስታነበው ስለ ሌላ ልጅ የተጻፈ መሰላት። የፊደል ስህተት አለመኖሩን አይታ ላከችው።

ዩኒቨርሲቲዎቹን ግን አብጠርጥራ ታውቃቸዋለች። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ካገሯ የሄዱ የብራና ጽሑፎች እንዳሉት፣ የሐይቁ ተማሪዎቹን ለጥናት ወደፈለጉት አገር እንደሚልክ፣ የእንግሊዙ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የሚያስተምሩ ሰዎች እንዳሉት ጠይቁኝ ብትል በቃሏ ትመልሳለች። እውቀቱ ሞልቷል። የጎደለው «እኔ ይሄን» የሚለው ነገር ነበር።

እሷ ሕልም ስታጣ ሌሎቹ ያልሙላት ጀመር። ሐጀራ ነጭ ለብሳ ውሃ ስትሻገር አዩዋት። ይህ በጎ ነው ተባለና ውሃው የትኛው እንደሆነ ክርክር ተነሳ። ሚኒባስ የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ አቡዘር ሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ከውሃ ማዶ መሆናቸውን፣ ጅቡቲም ውሃ መሆኑን ለአክስቱ አስረዳ፤ ሐጀራም ተቀየሙት። እናቷ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ አለመች። ዝናብ እንግሊዝ ነው ብላ ፈታችው፤ ከረፋዱ በኋላ ግን ጨርቆቹ በሙሉ መበስበሳቸው ትዝ አላትና ሐሳቧን ለወጠች። መዓዛ የክርስቲያን ሕልም ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀች። አይቆጠርም ሲሏት፣ እንግዲያው ስለት እሳላለሁ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ኢሽራቅ በአቡዘር ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጣ ወደ አቃቂ ወረደች። አቡዘር የውስጥ መስታወቱን እያስተካከለ ጉዳዩን እሱ እንደሚጨርሰው ነገራት።

«አረንጓዴ መስክ በይ። አለቀ። አረንጓዴ ላይ ማንም አይከራከርም።»

«ያላየሁትን?»

«ማን ያጣራል? ወተትም ጣል አድርጊበት። እትዬ ሐጀራ ለወተት ሟች ናቸው።»

ያላዩትን ሕልም አየሁ ማለት ትልቅ ወንጀል እንደሆነ አስታወሰችው። እሱም እንግዲያው ግማሽ ሕልም እንዲሆን፣ መስኩ ጥግ ጥጉ ብቻ አረንጓዴ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሷም ከነሱ በኋላ ሳቀች። ከዚያ ነገሩን በቁም ነገር አሰበችበት።

«መስኩ የት ነው?» አለችው።

«የቱ?»

«አረንጓዴው። የእንግሊዙ ነው ወይስ የአሜሪካው?»

«የፈለግሽው ነዋ!»

ለመዋሸትም አንዱን መምረጥ ነበረባት። ይህን እስካሁን አላሰበችውም ነበር። ወንጀሉን ብትደፍር እንኳ ያው እዚያው ነበረች።

አቡዘር ፌርማታው ላይ ሰው እያወረደ በጎን አያት። «የምርሽን የትኛውን ነው የምትፈልጊው?» ሲል ድምፁ ቀልዱን ትቶ ነበር።

«አላውቅም።»

«ወላሂ ታስፈሪያለሽ። ሌላው ሰው ቢሆን እኮ እስካሁን ጣራ ላይ ወጥቶ ይጨፍር ነበር።»

አቃቂ የወረደችው ኡስታዝ ሻፊን ለመጠየቅ ነው። ኡስታዙ የስልጤ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር የቀለም ሱቅ አለው፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጊድ ያስተምራል። ቀለም ሲበጠብጥ አገኘችው። ሕልም ግዴታ እንዳልሆነ፣ ልብ ወደተከፈተለት ወይም ወደተገራው መሄድ እንደሆነ ነገራት። እሷም ምንም ካልተሰማስ ብላ ጠየቀች። ደግመሽ ስገጂ አላት። ደግሜም ምንም ካልተሰማኝስ አለችው። የሚበጠብጥበትን እንጨት አስቀመጠ።

«ለየትኛው ነበር የሰገድሽው?»

«ለሦስቱም።»

«አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ።»

«ዱዓው ውስጥ ጉዳይሽን የምትጠሪበት ቦታ አለ» አላት። «አንድ ጉዳይ ነው የሚጠራው። አንቺ ሦስት ጠርተሽ አንድ መልስ ትጠብቂያለሽ።»

ልክ ነበር። የታረመ ፈተና እንደተመለሰለት ተማሪ ስህተቷን ተመለከተች፤ ስህተቱ የሷ መሆኑን አመነች፤ አመሰገነችውና ወጣች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለየብቻ ሰገደች። አንድ ማታ ለእንግሊዙ፣ አንድ ማታ ለከተማው፣ አንድ ማታ ለሐይቁ። ዱዓውን ሳትቸኩል፣ ጉዳዩን በስሙ እየጠራች አደረሰች። ከሰገደች በኋላ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ደረቷን ታዳምጣለች። ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። አስፋልቱ ላይ የሠራተኛ ሰርቪስ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክን የማታ ፈረቃ ይዞ ሲያልፍ ይሰማል። ከደረቷ ግን ምንም አይሰማም።

ረቡዕ ማታ አንድ ያልታዘዘችውን ጨመረች። ሦስቱ ሄዳ የምትማርባቸው ናቸው፤ አራተኛ መንገድ አለ፤ እሱም አለመሄድ ነው። አባቷ ዝምታውን «ቅሪ» ብለው ሊተረጉሙት ነው። ነገር ግን መቅረቱን ማንም አልጠየቀበትም። ስለዚህ ለመቅረት ሰገደች። ጉዳዩን በስሙ ጠራችው፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ እዚሁ ቤት። ጨርሳ እንደ ወትሮው አዳመጠች።

ሐሙስ ጠዋት አክስቷ መጥተው ጠየቁ፤ አላየሁም አለቻቸው። ሐጀራ ነጠላቸውን አስተካክለው ለወንድማቸው ሊደውሉ ወደ በረንዳው ወጡ።

አባቷ ግን ቅርብ ነበሩ። ከሞጆ ወዲህ የመኪናውን ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሮባቸው እያዘገሙ አቃቂ ጋራዥ ገብተዋል። እኩለ ቀን ላይ እናቷ ምሳ ቋጥራ በባጃጅ ላከቻት። ተሳቢው ተፈቶ ለብቻው ቆሟል፤ የመኪናው የኋላ ክፍል በክሪክ ተነስቶ መካኒኩ ገዳ ከሥሩ ተኝቷል። እግሯን አይቶ አወቃት።

«አካም ጅርታ፣ ፕሮፌሰር! እዚያ ለኔም ሥራ ፈልጊልኝ እንጂ። የእንግሊዝ መኪና ባሌስትራ አይሰበርበትም እንዴ?»

«መንገዳቸው ጥሩ ነው ይባላል፣ ጋሽ ገዳ።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለ ከሥር ሆኖ።

አባቷ ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ወጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። በውሃ እጃቸውን ታጠቡ፤ ቢስሚላህ ብለው በሉ፤ እሷንም ሁለት ሦስቴ አጎረሷት። ጎረሰች። ሲጨርሱ ዕቃውን ከደነችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ሐጀራ ደውላ ነበር» አሉ። «አላየችም አለችኝ።»

«አዎ፣ አላየሁም።»

«ልብሽስ?»

«ለእንግሊዙ ሰገድኩ፤ አልተከፈተም። ለከተማው ሰገድኩ፤ አልተከፈተም። ለሐይቁም እንደዚያው።»

አባቷ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ መኪናው ግን ቆሟል። ፊታቸው ላይ የነበረው ውጥረት ላላ። ይህን ልብ ብላ አየች፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። ትልቋን ሴት ልጃቸውን ወደማያውቁት አገር መላክ ከብዷቸው ነበር፤ አሁን ቀለላቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በቀስታ። «እንግዲህ ኸይሩ እዚሁ ነው ማለት ነው።»

«ትናንት እዚሁ ለመቅረትም ሰገድኩ፣ አባ።»

ዞረው አዩዋት። «እና?»

«አልተከፈተም።»

ከሥራቸው ገዳ ብረት በመዶሻ ይመታል፤ ወንበሩ ሥር ድረስ ይሰማል። እሷ ቀጠለች። ከቤት ስትወጣ በባጃጅ ውስጥ ያዘጋጀችው ነበር፤ ቃል በቃል ወጣላት።

«አራቱም እኩል ናቸው። ስለዚህ ከነሱ አይደለም፤ ከኔ ነው። ልቤ ለምንም አይከፈትም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አላለቅስም፤ ግን ምንም አይሰማኝም። ደስ ሲላችሁም አይሰማኝም። ይህን የኢስቲኻራው መልስ ነው ብለው እንዳይወስዱብኝ ነው የነገርኩዎት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በትክክል አላውቅም። ማመልከቻውን ስጽፍ ይመስለኛል።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አልጠየቀችኝም።»

«እኔም አላየሁ» አሉ።

«መንገድ ላይ ነበሩ።» ወቀሳ አልነበረም። የት እንደነበሩ ነው የተናገረችው።

ሙሀመድዘይን መስኮቱን ዝቅ አድርገው ውጭውን ተመለከቱ። ሚኒባሶች ሰው እየጠሩ ያልፋሉ። ቆይተው ስለ ሥራቸው ያወሯት ጀመር፤ መጀመሪያ ለምን እንደሚያወሯት አልገባትም። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ብቻውን አይነሳም፤ ከአንድ ባልደረባ ጋር ተጣምሮ ነው። መሀል ላይ ይለያያሉ፣ አንዱ ይቀድማል፣ ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ላይ ግን ይጠባበቃሉ። አንድ ጊዜ ስኳር ያለበት ሹፌር መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። ሞተሩ ይሠራል፣ መብራቱ በርቷል። ያለፈ ሰው ሁሉ ተኝቷል ብሎ አለፈው። ሻይ ቤቱ ደርሶ ያጣው ጓደኛው ብቻ ነው ዞሮ የተመለሰው። ሰውየው ተርፏል። ዛሬም ይነዳል።

ጨርሰው መሪውን ለቀቁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከነዚህ ከሦስቱ፣ ብትታመሚ፣ ከመኝታሽ ባትወጪ፣ በማግስቱ የሚያውቅ ሰው ያለው የትኛው ነው?»

ኢሽራቅ አሰበች። ሦስቱን በብዙ ነገር አወዳድራለች፤ በዚህ ግን አላወዳደረችም። መልሱ ግን ካነበበችው ውስጥ ነበር።

«በማግስቱ የሚያውቅ የለም» አለች። «የከተማው አዳራሹ ትልቅ ነው፤ የሚማሩትንም መጀመሪያ ላይ ተማሪው ራሱ ነው የሚመርጠው። ብዙ ጊዜ ብጠፋም ላይታወቅ ይችላል። የሐይቁ አማካሪ ይመድባል፤ የሚያገኙት ግን በሴሚስተሩ መግቢያና መውጫ ላይ ነው። የእንግሊዙ በየሳምንቱ ድርሰት ያስጽፋል። የጻፍኩትን ይዤ አስተማሪው ፊት ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ።»

«ከስንት ሰው ጋር?»

«ብቻዬን። አንዳንዴ አንድ ሌላ ተማሪ ይኖራል።»

«ባትሄጂስ?»

«አስተማሪው ብቻውን ይቀመጣል።»

አባቷ ይህን እያሰቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በየሳምንቱ» አሉ ለራሳቸው። «ሩቅ ነው፤ ግን በየሳምንቱ ነው።» ከዚያ ቶሎ ብለው ጨመሩ፦ «እዚህስ ብትቀሪ? እዚህ እኮ እናትሽ አለች፣ ሐጀራ አለች፣ ወንድምሽ አለ።»

ኢሽራቅ ይህን ጥያቄ መመለስ አልፈለገችም። ሦስቱን መልሳ አራተኛውን መዝለል ግን ልክ አይሆንም።

«እዚሁ ነበርኩ፣ አባ» አለች።

መዶሻው ቆሞ ነበር። አባቷ እጃቸውን አንስተው ሻሿ ላይ፣ ከአናቷ አሳረፉትና እዚያው ተዉት። እጃቸው ግራሶ ይሸታል። እሷ ጭንቅላቷን አላዘነበለችም፣ አላሸሸችም።

«የእንግሊዙ ይሁን?» አሉ በመጨረሻ።

«ይሁን።»

«እኔ ስላልኩ እንዳይሆን።»

«ልቤ አይደለም ያለው። ሳስበው ግን ልክ ነው። መሄድ ያለብኝ ሰው የሚጠብቀኝ ቦታ ነው።»

«ማሰቡንም የሰጠሽ አላህ ነው» አሉ። «ማታ እፈርማለሁ። ሐጀራ ትቀየማለች እንጂ…»

«አላየሁም ነው የምላቸው። እውነቱም እሱ ነው።»

ስልኳን አውጥታ የእንግሊዙን ገጽ ከፈተች። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነበር። አባቷ ቢስሚላህ በይ አሏት፤ አለች፤ ተጫነችው። ክቧ ምልክት ተሽከረከረች፣ ቆመች፣ መቀበሏን የሚያረጋግጥ መስመር መጣ። ኢሽራቅ መስመሩን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ምንጣፏ ላይ እንደምታደርገው ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። አባቷ ፊቷን እያዩ ስለነበር ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ለማለት ነው። እሳቸውም ገባቸው።

«የአስተማሪውን ስልክ ስጪኝ» አሉ ቆይተው።

«የማን?»

«የምታነቢለት።»

ማን እንደሚሆን ገና እንዳልታወቀ፣ ስልክም እንደማይሰጡ፣ ያላት የቢሮው ኢሜይል ብቻ እንደሆነ አስረዳቻቸው። እንግዲያው በሱ ጻፊላቸው አሏት። ምን ብዬ አለች።

«ካልመጣች ደውሉልኝ በይ። ቁጥሬን አስቀምጪ። የአገር ኮዱን እንዳትረሺ።»

«እዚያ ተማሪን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያዩት፣ አባ። እምቢ ሊሉ ይችላሉ።»

«እነሱ እምቢ ይበሉ። አንቺ ጻፊ።»

ጻፈች። በእንግሊዝኛ ጽፋ ስትጨርስ በአማርኛ አነበበችላቸው፤ አባቷ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

«አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ወደ ትምህርት ልመጣ የሚገባኝ ሳምንት ካልመጣሁ ለሳቸው እንድትደውሉላቸው ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛ አይናገሩም። ስሜን ብቻ ብትጠሩላቸው ይገባቸዋል።»

«ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ከሎጊያ ወዲያ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ጨምሪበት። አንዴ ደውለው እንዳይተዉ። ደጋግመው ይሞክሩ።»

ጨመረችበትና ላከችው።